የአሥር ሰዓት መስመር

ሐምሌ 2፣ ሰኞ

በቅድሚያ አንድ ስሕተት ይታረም። ከሞተች እህቴ ጋር በስልክ አልነጋገርም። በሕይወት ሳለች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልተለዋወጥን ሰዎች፣ አሁን ምን የምንባባለው ኖሮን ነው? ወሬውን የነገረችኝ ራሷ ያናፈሰችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት። "ሰዎች እንዲህ ይላሉ እትዬ" አለችኝ። ሰዎች የምትለው ራሷንና የስፌት መኪናዋን ነው። በመስኮቴ ሥር ስታልፍ "መስመር ላይ ነኝ፣ ይናገሩ" ስል ሰምታኛለች። ብዬ ይሆናል። በስልክ ማዞሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የስልክ እጀታ ባነሣሁ ቁጥር አፌ ሳያስፈቅደኝ ይህን ይላል። ይህ የልማድ ጉዳይ እንጂ የመናፍስት ጉዳይ አይደለም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ይህ ቤት ከአባታችን የወረስነው ነው። መካከሉ ኮሪደር ነው፤ በግራ እኔ፣ በቀኝ ታናሽ እህቴ። ስልካችን አንድ፣ መስመራችንም አንድ ነው። መሣሪያው ከእኔ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከእሱ የተቀጠለ ሽቦ ወደ እህቴ ክፍል ገብቶ ኮምፒዩተሯ ላይ ይሰካል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩ ወደ ኢንተርኔት ሲደውል የኮሪደሩ ደወል አንዴ ቅጭል ይላል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት መሣሪያ ሲኖር እንዲህ ይሆናል። ይህንን ማንም ቴሌፎኒስት ያውቀዋል።

እህቴ ግንቦት 11 ቀን አረፈች። ክፍሏን ግንቦት 13 ቀን ቆለፍኩት። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው።

ደወሉ ዛሬም አሥር ሰዓት ላይ ቅጭል ብሏል።


ሐምሌ 4፣ ረቡዕ

ክፍሉን ከፈትኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃውን ገልጬ።

ሰባት ሳምንት ተዘግቶ የከረመ ክፍል መሽተት ነበረበት፤ አልሸተተም። ይልቁንም ሞቅ ብሏል፤ ሰው ገና የወጣበት ይመስላል። የወንበሯ ትራስ እሷ በተቀመጠችበት ልክ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር በዝግታ ይተነፍሳል። ኮምፒዩተሩ ነው። እህቴ ባረፈች ቀን ያጠፋው ሰው አልነበረም።

ጠረጴዛውን ስነካው ጠቁሮ የነበረው መስተዋት በራ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ወጣች፤ በውስጧ በእንግሊዝኛ መስመሩ እንደተቋረጠ ይገልጽና "እንደገና ልሞክር?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ፈርቼ አይደለም። ኤሌክትሪክ በከንቱ ሲባክን ማየት አልወድም።


ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

አሥር ሰዓት። ቅጭል።

ሶኬቱ እንደተነቀለ ነው። ሄጄ አየሁ። ተመልሼ ሄጄም አየሁ።

ዝናብ አለ። የረጠበ ሽቦ እንዲህ ያደርጋል።


ሐምሌ 10፣ ማክሰኞ

የእህቴን የኢንተርኔት ውል ላዘጋ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ "እማማ" አለኝ። እናቱ እንዳልሆንኩ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ "እመቤት" አለኝ፣ ይህም ከመጀመሪያው አልተሻለም። ሰውየው ግን ሥራውን ያውቃል። መዝገቡን ተመልክቶ፣ በስልክ የሚደወለው የኢንተርኔት አገልግሎት በአጠቃላይ ነሐሴ 30 ቀን እንደሚዘጋ፣ እስከዚያ ያልወጣ የኢሜይል ደብዳቤም እንደሚጠፋ አስረዳኝ። ቀጥሎም የእህቴ የደብዳቤ ሳጥን ጢም ብሎ መሙላቱንና ሁሉም ከአንድ ሰው የመጡ መሆናቸውን ነገረኝ።

ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጇ ነው። ከወደብ ወደብ የሚዞር መርከበኛ ነው። ከዚህ ቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የት እንዳለ የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች። እናቱ እንደሞተች አያውቅም። የሚነግረውም የለም፤ አድራሻው ያለው እነዚያ ደብዳቤዎች ላይ ነውና።

አድራሻውን ብቻ እንዲገለብጥልኝ ለመንኩት። "ደንቡ አይፈቅድም" አለ። ደንብ ደንብ ነው፤ አልተከራከርኩም። ደብዳቤዎቹን ማውጣት የሚቻለው በውሉ ላይ ከተመዘገበው ስልክ፣ ማለትም ከእኛው መስመር በመደወል ብቻ ነው።

ልወጣ ስል፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መስመራችንን የሚፈትኑት ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እነሱ የሚፈትኑት መስመር የለም አለኝ።


ሐምሌ 13፣ ዓርብ

የሠፈራችንን ሬዲዮ ጠጋኝ አስጠራሁ። አምሳ ዓመት ያለፈው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ እጁ የታረመ አፉ ያልታረመ ሰው ነው። ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለው። በድንገት ከሶኬት ስለተነቀለ ውስጡ መበላሸቱን ነገረኝና ማን እንደነቀለው ጠየቀኝ። መብራት ጠፍቶ ነው አልኩት። ይህን እዚህ የማሰፍረው ውሸቱ ቢያንስ በአንድ ቦታ እንዲታረም ነው።

ዊንዶውስ ዘጠና ስምንትን ከሲዲ እንደገና ጫነበት። ማሽኑ በየደቂቃው "እሺ" በሉኝ ይላል። "እንደ አማቴ ነው እትዬ" አለ፤ "እሺ ካላሏት ሁሉን ነገር ታቆማለች።" ቢስቅም እጁ ሥራውን አላቆመም። ማሽኑ ሲነሣ ግን ባዶ ሆኖ ተነሣ። የቆዩት ደብዳቤዎች የሉም፤ የአድራሻዎቹ ዝርዝርም የለም፤ ወደ ኢንተርኔት የሚያስደውለው ቅንብርም ተፍቋል።

ስለዚያች ጠያቂ ሳጥን ነገርኩት። እህቴ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ራሱ እንዲደውል ሳታዝዘው አልቀረችም፤ ሰው ባይኖርም ይደውላል አለኝ። ይህን በመስማቴ ቀለል አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ቀለል አለኝ። አሁን ግን ሁሉም ስለተፋቀ ካላዘዙት አይደውልም ብሎ ሊያብራራልኝ ጀመረ። ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ይጠርግ ነበር፤ የማሽኑ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሽቦዎቹ በሙሉ ወጥተዋል።

ኮሪደሩ ውስጥ ቅጭል አለ።

ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ሰዓቱ አሥር ነበር።


ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሶኬት በመንቀሌ ጠፋ። "ዝጋ" የሚለውን ቃል ፈልጎ መጫን አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሴት ልጅ ፈሪ ከሆነች ቢያንስ ቀርፋፋ መሆን አለባት ይሉ ነበር መምህራችን። እኔ ግን ፈጣን ነበርኩ።


ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ቅንብሩን ራሴ አስገባሁ። ጠጋኙ ትእዛዙን በተቀደደ ካርቶን ላይ ጽፎልኝ ነበር፤ በወጉ በደብተር ገለበጥኩት፣ የማላውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈታሁት። እስክሪኑ ላይ "ኮምፒዩተሬ" የሚለውን መክፈት፤ በውስጡ የስልክ ምስል ያለበትን ማኅደር መክፈት፤ "አዲስ ግንኙነት ፍጠር" የሚለውን መጫን፤ ለግንኙነቱ ስም መስጠት፤ ሞደሙን፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ቋንቋ ወደ ስልክ ድምፅ የሚለውጠውን ዕቃ መምረጥ፤ ቁጥሩን ማስገባት። ስም ስጪው አለኝ። "መስመር" ብዬ ጻፍኩ። ሠፈሩም እኔን "እትዬ መስመር" ነው የሚለኝ፤ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

የመግቢያ ስሟንና የምስጢር ቃሏን ከመሳቢያዋ አገኘሁ። የምስጢር ቃሉ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። እኔን የሚመለከት ነገር ይኖርበታል ብዬ አልጠበቅሁም። የለበትምም።

መጀመሪያ ደወለና ምንም ሳይሆን ቀረ። ምክንያቱን ከጠጋኙ ቀድሜ አወቅሁት። ማሽኑ እንደ ዘመኑ ስልክ ቁጥሩን በዜማ ይጠራል፤ የእኛ መንገድ መስመር ግን ያረጀ ነው፤ በጣት እንደሚዞረው ስልክ ጠቅ ጠቅ ተብሎ ካልተቆጠረለት አይሰማም። ቅንብሩን ወደ ጠቅታ ቀየርኩት። በሰባ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ደስታ ይሰማኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጠቅ ጠቅ አለ። ከወዲያ በኩል አነሡ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ይመስላል፣ በመጨረሻ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። እስክሪኑ "ስምና የምስጢር ቃል በማረጋገጥ ላይ" አለ። እዚህ ሲደርስ እንደ ሥራዬ ወግ ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁ፤ መስመሩ ንጹሕ መሆኑን ላረጋግጥ እጀታውን አንሥቼ አዳመጥኩ። ንጹሕ ነበር።

ስመለስ "ተቋርጧል" ይላል። ማሽኑ ተሳስቷል።


ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ተቋረጠ።
አራት ተኩል። ተቋረጠ።
ስምንት ሰዓት። ከማረጋገጫው በኋላ ተቋረጠ።
በየጊዜው መስመሩን አዳምጫለሁ። እንከን የለበትም።
አሥር ሰዓት። አልደወልኩም። ማሽኑ ጠፍቷል። ቅጭል።


ሐምሌ 26፣ ሐሙስ

ከመሳቢያው ሥር የእህቴን ደብተር አገኘሁ። የደብዳቤ ደብተር ቢሆን አልከፍተውም ነበር። የመዝገብ ደብተር ነው፤ በቀይ መስመር የተከፈሉ ሦስት ዓምዶች አሉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ውጤት። እሷም የተማረችው እኔ በተማርኩበት ቤት ነው፤ በአንድ በትር ነው የተገራነው።

ውጤቱ አንድ ቃል ነው። ተቆረጠ። ተቆረጠ። ተቆረጠ። ገጽ ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ። በመሐል አልፎ አልፎ "ገባ" የሚል አለ፤ ከአጠገቡም በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ "ሄዳለች" ይላል።

ማን እንደሄደች አላወቅሁም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይቆረጥ ሰባት ጊዜ "ገባ" ይላል። ቀኑን ከራሴ ደብተር ጋር አስተያየሁት፤ ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ሆስፒታል የተኛሁበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ዝናብ አልነበረም ይሆናል። ደረቅ ሽቦ ጥሩ ያስተላልፋል።


ነሐሴ 3፣ ሐሙስ

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሴን ጠርዝ ልትለካ መጣች። ቀሚሱ ሰበብ ነው። መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች፣ ከእህቴ ጋር የተጣላነው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሠፈሩ ስለ ውርስ ነው ይላል አለች። ይህም ይታረም። ስለ ውርስ አልነበረም።

ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን በኮሪደሩ ስልክ ለጓደኛው በቀስታ ሲያወራ፣ ትምህርቱን ትቶ በመርከብ ሊቀጠር መሆኑን ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፤ በሬ እዚያ ነው። ለእናቱ ነገርኳት። ማንኛዋም አክስት ትነግራለች። እናቱ ገጠመችው፤ እሱም በዚያው ሳምንት ሳይሰናበት ሄደ። እህቴ በሬ ላይ ቆማ "ጆሮሽ ልጄን በላው" አለችኝ። በመካከላችን የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ከወር በኋላ ኮምፒዩተሩ መጣ።

በመጀመሪያው ዓመት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ በእሷ በኩል ያለውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ትመታ ነበር። የምትሳደብ መሰለኝ። አንድ ቀን እኔም በመጥረጊያው እንጨት መታሁላት። ከዚያ ወዲያ ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ፣ "እኔ ምን አገባኝ፣ ግን በአሥር ሰዓት ብቻዎን አይሁኑ" አለችኝ። ብቻዬን አይደለሁም ልላት ነበር። ለምን ይህ መልስ እንደመጣልኝ አላውቅም።


ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ጠጋኙ ተመልሶ መጣ። ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላው ቆምኩ። ደወለ፣ ፉጨቱ መጣ፣ ማረጋገጫው ላይ ደረሰ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ እጀታውን አነሣሁ።

በጫማው ኮቴ ሰማሁት፤ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"መስመሩን እያዳመጥኩ።"

"እጀታውን ሲያነሡት እኮ ነው የሚቆረጠው። ያስቀምጡት።"

አስቀመጥኩት።

"ሁልጊዜ ያነሡታል?"

"መስመር ሳላዳምጥ አሳልፌ አላውቅም። ደንብ ነው።"

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። "በእህትዎም ጊዜ?" አለኝ።

በዚህ መሐል ከእህቴ ክፍል፣ እሱ አሁን ከወጣበት ባዶ ክፍል፣ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመታ። ሳይፈጥን፣ በእኩል ርቀት።

"ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ?" አለ።

"የለም።"

ዕቃውን ለመሰብሰብ ወደዚያ ክፍል መግባት ነበረበት። ሲገባም ሲወጣም ጀርባውን ለግድግዳው አልሰጠም። በሩ ላይ ቆሞ፣ እኔ ጥቂት ከቤት ብወጣለት በግማሽ ሰዓት ደብዳቤዎቹን እንደሚያወጣልኝ ነገረኝ። የቤተሰብን ደብዳቤ ባዕድ አይከፍተውም አልኩት።

"ባዕድ ሊከፍተው ነው ብለው ይፈራሉ" አለኝ። "ዘመድ እየዘጋው።"

አፉ ያልታረመ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። አልሰርዘውም፤ ነገር ግን ተሳስቷል ማለት አይደለም።


ነሐሴ 10፣ ሐሙስ

አሥር ሰዓት። ቅጭል። አላነሣሁም።

አሥር ሰዓት ከሩብ። አነሣሁ።


ነሐሴ 15፣ ማክሰኞ

እህቴ ኮምፒዩተሩን የገዛችው ከልጇ ጋር እኔ በማልሰማው ቋንቋ ለመነጋገር ነው። ይህን ያወቅሁት ማሽኑ ደጃፋችን የደረሰ ዕለት ነው። በከተማው ውስጥ ያለ ድምፅ ሁሉ በእጄ ሲያልፍ የኖረ፣ ደዋይን ከአተነፋፈሱ የምለይ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መስመሬ ላይ አንድ ቃል እንዳልሰማ ተደረግሁ።

ስለዚህ አሥር ሰዓት ሲሆን አነሣ ነበር። ደወሉ ቅጭል ሲል እጄ እጀታው ላይ ነበር። ጩኸቱን አዳምጣለሁ። ከጩኸቱ ሥር ቃል ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ጥቂት ብታገሥ የምለየው፣ የልጁ ድምፅ፣ የእሷ ሳቅ፣ ስሜ። ብዙ ጊዜ ስሜን የሰማሁ መስሎኛል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል እሷ ጨርሳ የዘጋች መስሎኝ እጀታውን እመልሳለሁ።

መቆረጡን አላውቅም ነበር።

ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላውቅም ነበር። ግድግዳው ሲመታ ግን አውቄ ነበር። ሰው አንድ ነገር በተቆረጠበት ቅጽበት በየቀኑ ሦስት ጊዜ ግድግዳ ሲመታ፣ ምን እንደሚል ለመረዳት ማዞሪያ ቤት መሥራት አያስፈልግም።

"ሄዳለች" የተባልኩት እኔ ነኝ። እህቴ ኮቴዬ ከቤት ሲወጣ እየጠበቀች ነበር ልጇን የምታገኘው።


ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ እንደማላነሣ ለራሴ ቃል ገባሁ። በእህቴ ወንበር ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ ግንኙነቱን አስጀመርኩ። ጠቅታው፣ ፉጨቱ፣ ማረጋገጫው። ሁሉ ነገር በወጉ ነበር። እስክሪኑን እያየሁ ነበር።

ቀጥሎ የማስታውሰው ኮሪደሩን ነው። እጀታው ጆሮዬ ላይ ነው። ከወንበሩ መነሣቴን አላስታውስም። በሩ ሲከፈት ይጮኻል፤ ጩኸቱንም አላስታውስም።

ከጩኸቱ ሥር አንድ ሰው ነበር። የተናገረ ነገር የለም። ባዶ መስመርና ዝም ያለ መስመር አንድ አይደሉም፤ ባዶው ይሸሻል፣ ዝም ያለው ይጠብቃል። ደዋይ እስኪገናኝ እጀታውን ይዞ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚተነፍስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቻለሁ። እንዲህ ነው የሚተነፍሰው።

"መስመር ላይ ነኝ፣ ይናገሩ" አልኩ።

ትንፋሹ ቆመ። እኔ የማዳምጥ መሆኔን ያወቀ ሰው ትንፋሹን እንደሚይዝ ያለ ነው። ከዚያ ተቆረጠ።


ነሐሴ 27፣ እሑድ

ሦስት ቀን ቀረ። ልጁ መልስ ሲያጣ ምን ብሎ ይሆን? እናቴ ተቀየመችኝ ብሎ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ሲጽፍ ኖሮ።

ደብዳቤዎቹ ከወጡ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ይቆም ይሆን? ይህን ማሰብ ተገቢ አይደለም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ሳስበው የዋልኩት ይህንኑ ነው።


ነሐሴ 29፣ ማክሰኞ

ዛሬ የመጨረሻውን መፍትሔ ሞከርኩ። የኮሪደሩን ስልክ ሁለቱን ሽቦዎች ፈትቼ፣ መሣሪያውን ከግድግዳው አወረድኩት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ቆለፍኩበት። ወደ እህቴ ክፍል የሚገባውን ሽቦ ብቻ ተውኩ። ከዚያ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሳላስበው አሥር ሰዓት ደርሷል።

ግንኙነቱን አስጀመርኩ፤ ማሽኑ ሲደውል ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቅጭል አለ።

ቁም ሳጥኑን መክፈቴን አላስታውስም፤ ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ነበር። እኔም ወለሉ ላይ፣ በጉልበቴ፣ እጀታው በጆሮዬ። ሽቦው ከመሣሪያው ጀርባ ተንጠልጥሎ አየዋለሁ፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ውስጡ ግን ያ የሚጠብቅ ዝምታ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንዳዳመጥኩ አላውቅም። ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር።

ሽቦ የሌለው ስልክ መስመር እንደማይቆርጥ ማንም ያስረዳኛል። ማሽኑ ግን ተቋርጧል ይላል። ሥራዬን አውቃለሁ፤ ብልሽት ሲፈለግ መስመሩ፣ መሣሪያው፣ ማዞሪያው በየተራ ይፈተናል፤ ሦስቱም ደኅና ከሆኑ የሚቀረው ቴሌፎኒስቷ ናት።

እኔ በዚህ ቤት እያለሁ አንድም ደብዳቤ አይገባም።

ጥላዬን ይዤ ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋም መቀሷን ልታስል እዚያው ነበረች። እንድትወጣ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ለሁለቱም ቆሜ ነገርኳቸው፤ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ዘጠኝ ዓመት ያነሣሁት እያወቅሁ እንደሆነ፣ ልጁ የእናቱን ሞት እንዳልሰማ። ልብስ ሰፊዋ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ይህን ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ጠጋኙ የያዘውን መበየጃ አስቀመጠና "ነገ በስንት ሰዓት ይወጣሉ?" አለኝ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ሲነጋ የቤቱን ሁለቱንም ቁልፎች ለጠጋኙ ማስረከብ። ደብዳቤዎቹን ከፍቶ አድራሻውን እንዲያወጣ መፍቀድ። ያነበበውን አለመጠየቅ።

ለልጁ የሚተይብልኝን ወረቀት መስጠት። የተጻፈበት ይህ ነው፦ "እናትህ ግንቦት 11 ቀን አረፈች። በየቀኑ ልታገኝህ ትሞክር ነበር። የምቆርጣችሁ እኔ ነበርኩ። አክስትህ።" ምንም እንዳይጨምርበት፣ ለእኔ አዝኖ እንዳያለሰልሰው ማስጠንቀቅ።

ልብስ ሰፊዋ አብራው እንድትቀመጥ መለመን። ደወል ብትሰማ፣ ግድግዳ ቢመታ፣ ስፌቷን እንዳታቋርጥ መንገር።

በመጀመሪያው አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ መሄድ። እስኪጨልም እዚያ መቀመጥ።

መንገድ ላይ የሕዝብ ስልክ ባገኝ፣ ደውዬ ገባ ወይስ ተቆረጠ ብዬ አለመጠየቅ።